የጥንቱ ጢንዚዛ ሥራ

ንቡም ጢንዚዛውም ከምድር ከጠፋ ወዲህ እናቴ በየማለዳው ብሩሽ ይዛ ጓሮ ትገባለች። አበቦቹ ረፋድ ላይ ከመከደናቸው በፊት የወንዱን የዱባ አበባ ብናኝ ለሴቷ አበባ ካላደረሰች ዱባ የለም። ወገቧ ከጎበጠ ቆይቷል።

ዛሬ ጓሮ ድረስ ሄጄ፣ አጥንቼ ስም እንዳወጣለት ከምሠራበት የምርምር ተቋም የተሰጠኝን የጥንት ጢንዚዛ በአጉሊ መነጽር አሳየኋት። ድንጋይ በሆነ የዛፍ ሙጫ ውስጥ ነው ያለው፤ ፀሐይ ሲያርፍበት ማር ውስጥ እንቅልፍ የጣለው ይመስላል። እግሮቹ ዛሬም ቢጫ ብናኝ እንደያዙ ናቸው።

«ይሄን ሥራ እሱ ነበር የሚሠራው?» አለች፣ ዓይኗን ከአጉሊ መነጽሩ ሳትነቅል።

«አዎ እማዬ።»

«ሲደክመውስ ማን ይተካው ነበር?»

«ልጆቹ።»

ብሩሹን አንስታ ወደ አበቦቹ ጎንበስ አለች። ወገቧን ይዛ ቀና ስትል አበቦቹ ሊከደኑ ትንሽ ነበር የቀራቸው። ለጢንዚዛው ስም ማውጣቱን ለነገ አሳድሬ ብሩሹን ከእጇ ወሰድኩ።