ሁለት መቆንጠጫ

ታናሽየው ካርታዎቹን ደፋና “በቃ፣ ተሸነፍኩ ጋሼ” አለ። በሕንዷ ኬረላ በካርታ የተሸነፈ ሰው እንደሚያደርገው የልብስ መቆንጠጫ ጆሮው ላይ ሰክቶ እስክሪብቶ አነሳ። ታላቅ ወንድሙ ሦስት ዓመት ተሟግቶ መተንፈሻ ማሽኑ እንዲነሳለት ፍርድ ቤቱ ፈቅዶለታል፤ የቀረው የታናሽየው ፊርማ ብቻ ነበር። ውርርዳቸውም ታላቁ ካሸነፈ ታናሽየው ሊፈርም ነበር።

“ቆይ!” አለ ከአንገቱ በታች የማይንቀሳቀሰው ታላቁ፣ ማሽኑ ትንፋሽ ሲያቀብለው። “የደፋውን ግለጪው።” ካርታ የምትይዝለት ሚስቱ ገለጠችው። በዚህ ጨዋታ ከሁሉ የሚበልጠው ጃክ ቁጭ ብሏል።

“አንተ አጭበርባሪ! ሦስት ዓመት የተሟገትኩት ለምጽዋት ነው እንዴ? ወይ በወጉ አሸንፈኝ፣ ወይ በወጉ ተሸነፍ! በውዝ!”

ታናሽየው በወዘ። አሁን ጠረጴዛውን እየደበደበ፣ እየተሳደበ፣ እያላበው ተጫወተ፤ አንድም ካርታ አልሰሰተም። ታላቁ “ያቺን ጣያት፣ ይቺን ያዣት” እያለ ሚስቱን አዘዘና አሸነፈው። ታናሽየው ሌላው ጆሮው ላይም መቆንጠጫ ሰካና ፈረመ።

ታላቁ ወረቀቱን ዞር ብሎም አላየው። ሁለቱን ጆሮዎች እያየ ትንፋሽ እስኪያጥረው ሳቀ።

“በል በውዝ” አለ። “ሦስተኛ ጆሮ ከየት እንደምታመጣ አያለሁ።”