ሠላሳ አንደኛው ክፍል

አንዲት ባልቴት ፍላሻቸውን በመሐረባቸው ጫፍ ቋጥረው ፊልም ቤት መጡ። በቅርቡ ያለቀውን የቴሌቪዥን ድራማ አስጭነው ቤታቸው ተቀምጠው ሊያዩት ነው።

«እማማ፣ ይቺ ፍላሽ እኮ ትንሽ ናት» አላቸው ባለሱቁ ደግፌ። «በጥሩ ጥራት ከሆነ ሃያ ክፍል ብትይዝ ነው። ስልሳውንም ካሉኝ ጥራቱን በጣም አወርደዋለሁ፤ ምስሉ ይደበዝዛል።»

«የኔ ዓይን እንደሁ ድሮም ደብዛዛ ነው። ብቻ አንድም ክፍል እንዳይቀርብኝ።»

«ይሄን ያህል ድራማ ይወዳሉ?» ብሎ ሳቀ።

እሳቸውም አብረውት ሳቁ። ምክንያቱን ለሰው መንገር አፍረው ነው እንጂ፣ ድራማ እንኳ ብዙም አይወዱ። ደግፌም ሁሉንም አሳንሶ ጫነላቸው።

በሳምንቱ ተመልሰው መጡ። «ልጄ፣ ሠላሳ አንደኛውን ክፍል ብቻ አጥርተህ ጫንልኝ። ሌላውን ሁሉ አጥፋው።»

«ውይ እማማ! እኔም ጋ የለም እኮ። ለአዲሱ ድራማ ቦታ ባጣ ትናንት አጠፋሁት። ምን አለ እሱ ክፍል ላይ?»

«ሻይ የምታቀርብ ልጅ አለች።»

«ዋናዋ ተዋናይ ናት?»

«አይ፣ እሷስ አታወራም። ሻዩን አስቀምጣ ትሄዳለች። ልጄ እቴነሽ ናት። ከመሞቷ በፊት ‹በቲቪ እታያለሁ፣ ጠብቂኝ› ብላኝ ነበር፤ በየትኛው ክፍል እንደሆነ ግን አልነገረችኝም። በቀሚሷ ነው ያወቅኋት፤ እኔ ነኝ የሰፋሁላት። ፊቷ ግን የለም።»