አማት ፊት መንበርከክ

አዋላጇ ማዳመጫዋን ምጥ ከያዛት ሴት ሆድ ላይ አነሳች። ልጁ ፊቱን ወደ ላይ አድርጎ፣ ጀርባውን ለእናቱ ጀርባ ሰጥቶ ተቀርቅሯል፤ የልቡ ምትም እየደከመ ነበር። "በጀርባሽ መተኛቱ ይቅርብሽ እህቴ። ወርደሽ በእጅሽና በጉልበትሽ ተንበርከኪ፤ ቦታ ሲያገኝ ይዞራል። እንዲህ ከቆየ ግን ይታፈንብናል" አለቻት።

ሴትዮዋ የአልጋውን ጠርዝ የሙጥኝ አለች። በሩ አጠገብ አማቷ ቆመዋል፤ እሳቸው ባሉበት እግሯን ዘርግታ እንኳ ተቀምጣ አታውቅም። ይሉኝታ፣ ልጆቼ፣ በምጥ ሰዓትም አይለቅም። "እሳቸው ፊት እንደ ከብት በአራት እግሬ? ሞቼ እገኛለሁ!" ብላ አንሾካሾከች። አዋላጇ ዞር አለችና "እማማ፣ እስቲ ለአፍታ ወጣ ይበሉላት" አለች።

አማቲቱ አልወጡም። ሻርፓቸውን አጥፈው ሲሚንቶው ላይ አነጠፉና፣ የሚቆረጥማቸውን ጉልበት እያቃሰቱ አጥፈው በእጃቸው ተደግፈው ተንበረከኩ። "ነይ ልጄ፤ ሁለታችንም ከብት ከሆንን ማን በማን ይስቃል?" ሴትዮዋ በምጧ መሃል ሳቅ አመለጣት፤ ወርዳም ጎናቸው ተንበረከከች። አሮጊቷ በአንድ እጃቸው ወገቧን እያሹላት ምጡ መጣ ሄደ፣ መጣ ሄደ። አዋላጇ ማዳመጫዋን ከሥር አስጠጋችና ፊቷ ፈካ። "ዞረ! ልቡም በረታ!"

ልጁ ሲወጣ ለአፍታ ዝም አለ፤ አዋላጇ ጀርባውን አሸት አሸት ስታደርገው ክፍሉን በለቅሶ ሞላው። ሁሉም እሱን ሲያዩ ከወለሉ ላይ የአሮጊቷ ድምፅ መጣ። "እሰይ የኔ ጌታ! በሉ እንግዲህ እኔንም ገላግሉኝ፤ ጉልበቴ አልነሳም ብሏል።"