ቀጥታው በረራ

ቲኬት ቆራጯ ስክሪኑን ወደ ደንበኛዋ አዞረችና፣ «ቀጥታው በረራ ዘጠኝ ሰዓት ይፈጃል፤ ዛሬ ማታ ተነስቶ ነገ ጠዋት ያደርስሻል። ሌላው ግን መንገድ ላይ ያሳድርሻል። የቱን ልቁረጥልሽ?» አለቻት።

ሴትዮዋ ቡጢዋን አዲስ የሱፍ ቆብ ውስጥ ከትታ ትለጥጠው ነበር። አባቷ ታመው ቤት ከተኙ ወዲህ፣ ራሴን በረደኝ ይላሉ። ራሳቸው ደግሞ ትልቅ ነው፤ የሱቅ ቆብ እንዲህ በዋዛ አይገባላቸውም። ታላቅ ወንድሟ ከትናንት ጀምሮ «ስምሽን እየጠሩ ነው፤ ክንፍ አውጥተሽ ነይ» እያለ መቆሚያ መቀመጫ አሳጥቷታል። የሚቀበላት እሱ ስለሆነ፣ እዚያው ባንኮኒው ጋ ቆማ ደወለችለት።

«ጋሼ፣ ቀጥታው ነገ ጠዋት ይደርሳል። እሱን ልያዝ አይደል?»

ከወንድሟ ኋላ ወንበሮች ሲጎተቱ ተሰማት።

«እሱ ያደክምሻል፣ እህት ዓለም። በሌላው ቀስ ብለሽ ነይ። መንገድ ላይ እረፊ፤ እህልም ቅመሺ።»

እህል ቅመሺ የሚላት፣ ልጆች ሳሉ ዳቦዋን ከእጇ እየነጠቀ ይሮጥ የነበረው ወንድሟ ነው።

«አባባስ?»

«ደህና ናቸው። ተኝተዋል።»

«እስቲ አገናኘኝ።»

«ተኝተዋል አልኩሽ እኮ!»

ወንበሮቹ ግን መጎተታቸውን አላቆሙም። ስልኩን ዘጋች።

«ታዲያ የሚያሳድረውን ልቁረጠው?» አለች ቲኬት ቆራጯ።

ሴትዮዋ ቆቡን መለጠጧን ተወች።

«የለም፣ ቀጥታውን» አለች። «ለቀብራቸው ልድረስ።»