የሁለት ሰዓት እንቅልፍ

አራሷ አማቷን መጠርጠር የጀመረችው ልጁ ዝም ሲል ነው። ከተወለደ ገና ሃያ ቀኑ ነው። አንዱን ጡት አንድ ሰዓት ሙሉ ጠብቶ ሌላውን የሚጠይቅ፣ ሲያላቅቁት አገር ይያዝልኝ የሚል ልጅ፣ ከሰኞ ወዲህ አማቷ ከሰዓት በኋላ ወደ ሳሎን ይዘውት ሲወጡ ሁለት ሰዓት ይተኛል።

ምን አቅምሰውት ይሆን? አፉን አሸተተች። ቅቤም ስኳርም አይሸትም። ረቡዕ ደግሞ እሁድ ለእጥበት ያስቀመጠችውን፣ ወተት የፈሰሰበትን ቢጃማዋን ብትፈልግ አጣችው። ጎረቤቷ "የአራስ ልብስ ለመተት ይፈለጋል፤ ተጠንቀቂ" ያለቻት ትዝ አላት።

ዛሬ የተኛች መስላ ጠበቀች። ከሳሎን የልጁ ለቅሶ ተሰማ፤ ቀጥሎ የአማቷ ሹክሹክታ፦

"እሽሩሩ፣ እናትህ እኔ ነኝ። እኔ ነኝ እናትህ።"

ለቅሶው ወዲያው በረደ። ዘላ ተነስታ በሩን ገፍታ ገባች።

አማቷ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ። ልጁ ደረታቸው ላይ ተለጥፎ ተኝቷል። ከቀሚሳቸው በላይ የእሷን ቢጃማ ደርበዋል፤ ጠቧቸው ቁልፉ አልገጠመም።

"ጠረንሽን ካላገኘ አይተኛልኝም" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ሂጂ፣ እንቅልፍሽን ጨርሺ።"