በግራ እጅ የተዘረጋው ሰላምታ

"ነክተዋታል… ያንቀሳቅሷታል።"

መህዲ ይህን ሲል ዓይኑን ከቼዝ ሰሌዳው ላይ አላነሳም።

የጋሽ ሰብስቤ ቀኝ እጅ ንግስቷ ላይ አርፎ ነበር… እንደውም ወደቀባት ማለት ይቀላል።

እሁድ ከሰዓት ነው። ቤቴል አንድ ካፌ ውስጥ የሰፈሩ ቼዝ ተጫዋቾች የዋንጫ ጨዋታ። ተመልካቹ ዙሪያውን ቆሟል… የሚያወራ የለም።

በቼዝ ደንብ የራስህን ጠጠር ከነካህ እሷኑ መጫወት አለብህ። ማስተካከል ፈልገህ ከሆነ አስቀድመህ "ላስተካክል" ትላለህ።

ጋሽ ሰብስቤ ምንም አላሉም።

ደግሞ ይህን ደንብ ለመህዲ ያስተማረው ማን ሆነና? ራሳቸው ናቸዋ!

ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር ናቸው። መህዲ አየር ጤና የመኪና መለዋወጫ ሱቅ የከፈተ ሰሞን ደጃፉ ላይ ቁጭ ብለው ቼዝ ያስለመዱት እሳቸው… አንድም ቀን "ግዴለም፣ መልሰው" ብለውት አያውቁም።

ሽማግሌው ንግስቷን በግራ እጃቸው አነሷት… የትም ብትሄድ ትበላለች። መህዲ በላት።

ትንሽ ቆይተው የሆነ ነገር አጉተመተሙ። ቃሉ አይለይም… መህዲ ሊያዘናጉት የፈለጉ መሰለው።

"ጋሼ፣ ጨዋታ ላይ አይወራም። እርስዎ ነዎት ያስተማሩኝ።"



ሽማግሌው ንጉሣቸውን አጋደሙት። ተሸንፌያለሁ ማለታቸው ነው። እንደ ወጉ እጃቸውን ለሰላምታ ዘረጉ…

ግራ እጃቸውን።

ወገን፣ ግራ እጅ! ያ ሁሉ ሰው እያየ! እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔም ብሆን ይከፋኝ ነበር።

መህዲ ደግሞ ከልጅነቱ "በግራህ አትስጥ፣ በግራህ አትቀበል" እየተባለ ያደገ ሰው ነው። መሸነፉ ቢያንገበግባቸው ነው እንዲህ የናቁኝ አለ በሆዱ።

እጁን ኪሱ ከተተ። ዋንጫውን አንስቶ ውልቅ አለ።

ሌላ እሁድ በቪትዝ መኪናው አስኮ ቤታቸው ድረስ የሚያደርሳቸው እሱ ነበር። የዚያን ዕለት የታክሲ ፌርማታው ጋ ብቻቸውን ቆመው አያቸው…

አላቆመም።

ሳምንታት አለፉ። ጋሽ ሰብስቤ ካፌው ድርሽ አላሉም። መህዲም አልደወለም። ለጠየቀው ሁሉ ይቅርታ መጠየቅ ያለባቸው እሳቸው ናቸው ይል ነበር።

አንድ ቀን ልጃቸው ርሆቦት ሱቁ መጣች። ፊቷ ከስቷል። አባቷ አልጋ ላይ ከዋሉ ቆይተዋል… ስትሮክ ነው። ያን ዕለት ፌርማታው ላይ ሲወድቁ ሰው የሰከሩ መስሎት አልፏቸዋል። ሆስፒታል የደረሱት ከመሸ በኋላ ነው። አሁን አይናገሩም።

መህዲ ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ።

"ሐኪሙ 'ቶሎ ቢመጣ ኖሮ ይድን ነበር' አለን" አለችው። "አንተ አብረኸው ስለነበርክ ልጠይቅህ ብዬ ነው… የዚያን ቀን ቀኝ እጁ እምቢ ሲለው፣ ምላሱ ሲተሳሰር አይተህ ነበር?"

ልጅቷ የጠየቀችው በቅንነት ነው። ስለ ሰላምታው የምታውቀው ነገር የለም።

መህዲ ስለተዘረጋለት ግራ እጅ አልነገራትም።

በማግስቱ አስኮ ሄደ። ሰሌዳውንም ይዞ ነበር። አልጋቸው አጠገብ ጠጠሮቹን አንድ በአንድ ደረደረ።

ጋሽ ሰብስቤ ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ግራ እጃቸውን ቀስ አድርገው አመጡና… የራሳቸውን ንጉሥ አጋደሙት።

"ጋሼ… ገና አልጀመርንም እኮ" አለ መህዲ።

አልሰሙትም መሰል። እጃቸውን ዘረጉለት። ግራውን።

መህዲ በሁለት እጁ ያዛት። አለቀሰባት። ግን ያለፈው ቀን አይመለስ ነገር…

እንግዲህ ቤተሰብ፣ መህዲ ደንቡን አልሳተም። የነካ ያንቀሳቅሳል፣ ጨዋታ ላይም አይወራም። ነገር ግን ከሰሌዳው ቀና ብሎ አንዴ ፊታቸውን ቢያይ ኖሮ ሐኪም ዘንድ በሰዓቱ ይደርሱ ነበር። የምታከብሩት ሰው ያልለመደበትን ነገር ሲያደርግ ካያችሁ፣ ከመቀየማችሁ በፊት "ምን ሆነህ ነው?" በሉት።

ለመሆኑ መህዲ ለርሆቦት እውነቱን ሊነግራት ይገባል ትላላችሁ? ወይስ ይዞት ይኑር? እናንተ ብትሆኑስ ምን ታደርጉ ነበር? ኮመንት ላይ ጻፉልኝ…