በአማርኛስ?

«ገፈርሳ» አለች ዱሬቲ።

የመቱ ትምህርት ቤት አዳራሽ ጸጥ አለ። ጠያቂው ዲንቃ ማይክሮፎኑን እንደጨበጠ ቆመ። የጠየቃት በባሮ ቆላ የሚኖር፣ ከቆዳው ጋሻ የሚሠራ፣ ቀንዱ የተቆለመመ አውሬ ስሙ ማን እንደሆነ ነበር። መልሱ ጎሽ ነው። ልጅቷም አልተሳሳተችም፤ በእናቷ ቋንቋ መለሰች እንጂ። የውድድሩ ደንብ ግን በአማርኛ ያልተመለሰ እንዳልተመለሰ ይቆጠራል ይላል። ካለፈች ለመጨረሻው ውድድር አዲስ አበባ ትሄዳለች፤ ካላለፈች ነገ ወደ መንደሯ ወደ ቡሬ ትመለሳለች።

ከካሜራው ጎን የቆመው የዝግጅቱ አለቃ፣ አቶ ምንዳዬ፣ ጣቱን ግራና ቀኝ ወዘወዘ። የከተማው ሹማምንት ከፊት ተቀምጠው ይጠብቃሉ።

ዲንቃ ይህን ዝምታ ያውቀዋል። ልጅ ሳለ ድምፁ አንጀት ይበላል እየተባለ፣ በየበዓሉ እዚሁ ከተማ ጠረጴዛ ላይ አቁመው ያዘፍኑት፣ ጎሬ ድረስም ይወስዱት ነበር። አንድ ቀን ሹማምንት ፊት ግጥሙ ጠፋበትና እናቱ እሹሩሩ በምትልበት ቋንቋ ቀጠለ። ሳቁበት። አስተማሪው ብብቱን ይዞ ከጠረጴዛው አወረደው። ኋላ አዲስ አበባ ገባ፤ ድምፁ ሲጎረንን ዘፈኑ ቢቀርም፣ በቴሌቪዥን ጠያቂ ሆኖ ስሙ ገነነ። ከተሳቀበት ቀን ወዲህ ግን አማርኛው አንዲት ቃል እንኳ አደናቅፎት አያውቅም። ሲጠነቀቅ ኖሯል።

«በአማርኛስ?» አላት፣ ድምፁን አለስልሶ።

ዱሬቲ ከንፈሯን ነከሰች። ከኋላ አንድ ሰው «ጎሽ!» አለ። መልሱን ይንገራት ወይ ያሞግሳት አልታወቀም። ሰዉ ሳቀ። የምንዳዬ ፊት ግን ጠቆረ፤ መልስ ተነገራት ብሎ ሊያስወጣት ይችላል። ዲንቃ ቃሉን ብትደግመውም ባትደግመውም ፈራላት።

ልጅቷ ዞር ብላም አላየች። «የማውቀውን ተናግሬያለሁ፣ ጋሼ» አለች።

ዲንቃ ዓይኑን ከምንዳዬ ጣት ላይ ነቀለ።

«ልክ ነው» አለ። «ገፈርሳ። እኛም ቤት የሚባለው እንደዚያ ነው።»

ምንዳዬ እጁን አነሳ። ካሜራው ቆመ፣ መብራቱ ጠፋ። ማጨብጨብ የጀመሩት የሹማምንቱን ፊት አይተው እጃቸውን ሰበሰቡ። ምንዳዬ በዲንቃ አጠገብ ሲያልፍ፣ ይህ ፊልም ለሰው ዓይን እንደማይቀርብ፣ የእሱም ቦታ ከእንግዲህ የሌላ ሰው እንደሆነ በጆሮው ነግሮት ሄደ።

ዱሬቲ ከቆመችበት አልተነቃነቀችም። «አለፍኩ?»

«መልስሽ ልክ ነው፣ እህቴ። ሌላውን እኔም አላውቅም።»

አንድ ሠራተኛ የማይክሮፎኑን ገመድ ከበሩ ጀምሮ እየጠቀለለ መጥቶ ዲንቃ እግር ሥር ደረሰ። ሳብ አደረገው። ዲንቃ ማይክሮፎኑን አልለቀቀም።